የአጸደ መሸመኛ አይነቀልም

ይድረስ ደጋው ላይ በብርዱ ውስጥ ላሉት፣ ለማከብርዎትና ለምፈራዎት አባቴ።

እንደምን ከረሙ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ? ያ የጠዋት ጭጋግ እቤት ድረስ እየገባ አላስቸገራችሁም? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይስ አሁንም ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ? እንሰቱ እንዴት ነው? ገብሱስ ያምራል? እናቴ ዓይኗን ታየች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከአንድ ንዴት በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ናፍቆቱን ያውቁታል፤ ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ንዴቱ ነው።

በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልክ ላይ የሟች እህቴን የአጸደን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ እናትሽን ላገናኝሽ» ብለው ያሻግሩታል። እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። ብሩኪ ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ነህና አደራህን፤ አባባን ያስቆጣል ብለህ አንድም መስመር እንዳትዘል። ደብዳቤውንና ጥቅሉን የሚያመጣላችሁ ጋሽ ኃይለ መለኮት ነው፤ እንደ ወትሮው ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ። እስክትጨርስ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይሰማሃል። ጥቅሉን ግን ደብዳቤው ሳያልቅ አትፍቱት።

አባባ፣ በነሐሴ በእድራችን ሽማግሌዎች በኩል የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። በእህቴ ቀብር ላይ በሰው ፊት ተናግሬ እንዳሳፈርኩዎት ሰምቻለሁ። የተቀመጠችበት መሸመኛ ተነቅሎ እንጨቱ ይሸጥ፣ የእግር ጉድጓዱም መስቀል ሳይደርስ በአፈር ይደፈን፣ ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ ወሬ እንዳይነሳ ብለዋል። ተሳስተው አድርሰውልኝ ይሆን ብዬ ደግሜ አስነገርኳቸው። ያው ነው። እንግዲህ ልጅዎ ነኝና በአክብሮት እመልሳለሁ፤ አንዱንም አላደርገውም።

ከቀብሩ ልጀምር። እርስዎ በዝናቡ ምክንያት አልመጡም ተባለ። እሺ፣ ዝናብ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ሰኔ ሲገባ ሳል ያዛት፤ አጸደን ያውቋታል፣ ናቀችው። ለጋምቤላ መንገድ ጓዟን እየሸከፈች ነበር። ሳሉ የሳንባ ምች ሆኖ ሆስፒታል ገባች፣ አልተነሳችም። ዕድሜዋን ሙሉ መኪና ይገለብጣታል፣ ወንዝ ይወስዳታል፣ በረሃ ይበላታል ሲሉ የኖሩ ሁሉ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ተኝታ እጇን እኔ ይዣት መሞቷን ሲሰሙ «አልጋ ላይ?» እያሉ ደግመው ጠየቁኝ። እሷ ሰምታቸው ቢሆን ኖሮ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕይወት ታሪኳ ተነበበ። ያዘጋጁት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ክፋት አላሰቡም፣ ለእርስዎ ክብር ብለው ነው። «ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ከቤቷ የማትወጣ፣ ድምጿ ለጎረቤት እንኳ የማይሰማ» ተባለች። ሸማ ነጋዴዋን ጀዊሪያን ያስታውሷታል፤ ከአጸደ ጋር ያልዞሩበት አገር የለም። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ሐመልማል፣ የሰው ሬሳ ተሳስተን ይዘን መጣን እንዴ?» አለችኝ። በለቅሶው መሃል ሳቅ አመለጠኝ፣ ሳቁም ወዲያው ንዴት ሆነ። ንባቡ ሲያልቅ ማይኩን ከአንባቢው እጅ ተቀበልኩ። ነጠቀች ብለው ነግረውዎታል አሉ። እኔ ተቀበልኩ ነው የምለው።

ያልኩትን ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፤ እዚያ ያልተናገርኩትንም እጨምርበታለሁ።

አጸደ ዝምተኛ አልነበረችም አልኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ ቆማ ስትስቅ ታክሲ ተራ ያለ ረዳት ዞር ብሎ ያያት ነበር። ልጅ ሆናም እንዲሁ እንደነበረች ከእርስዎ የሰማሁትን ተናገርኩ። እኔ ሳልወለድ፣ አዲሱ ቤታችን ቀርከሃው ተሸምኖ፣ ክዳኑ አልቆ፣ ሰው ለምርቃቱ በተሰበሰበበት ቀን እሷ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ። እናቴ አለቀሰች፣ ጎረቤቱ ለመነ። እርስዎ ዱላ ይዘው መጡና «ውረጂ» አሏት። እሷም ከላይ ሆና «መጀመሪያ ዱላውን አስቀምጥ» አለችዎት። እንግዳው ሁሉ እየሰማ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተፋጠጣችሁ፤ በመጨረሻ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ፈቀቅ አሉ፣ እሷም እንደ ድመት ወርዳ እግርዎ ላይ ተጠመጠመች። ይህን ሲያወሩልን እንባዎ እስኪመጣ ይስቁ ነበር አባባ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ማውራቱን ተዉት።

ምናልባት አይታው ለማታውቅ ሰው ሊድሯት ሲሉ በጠፋችበት ጊዜ ይሆናል። ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥታ፣ ማዳበሪያው ላይ ተኝታ ነው አዲስ አበባ የገባችው። ከዚያ ወዲህ ድንች ወጥ ባቀረብንላት ቁጥር «ይሄ እኮ አልጋዬ ነበር» ትለን ነበር። ይህንንም በማይኩ ተናግሬዋለሁ፤ ቀባሪው ሳቀ። በቀብር ተሳቀ ብለው ከሰሱኝ አይደል? እውነት ነው፣ ተስቋል።

ጉለሌ ስትገባ የተቀበላት የአጎትዎ ልጅ ጋሽ ኃይለ መለኮት ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ይህን እኔ ለእርስዎ አላስተምርም። እሷም እንደ ደንቡ ጥግ ይዛ ፈተለች። ዓይኗ ግን እንዝርቱ ላይ አልነበረም። አንድ መስቀል እሱ አገር ቤት ሲገባ መሸመኛው ላይ ጀምሮ የተወው ነጠላ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ነጠላው ክንድ ያህል ረዝሞ አገኘው። ግቢውን አናጋው። «ማነው ጉድጓዴ ውስጥ የገባው?» ሲል እሷ እጇን አወጣች። እጁን አንስቶ ሊመታት ነበር። እንደ ሸማኔ ግን ዓይኑ ቀደመና ዳሩን አየው፤ አጎንብሶ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ «ማጉን ስትመቺ ትቸኩያለሽ። ነይ ጉድጓዱ ውስጥ ግቢ፣ ላሳይሽ» አላት። ከጊዜ በኋላ ዛሬ እኔ ያለሁበትን ቤት ተከራየችና በኋለኛዋ ክፍል የራሷን ጉድጓድ አስቆፈረች። እንዲደፈን ያዘዙት እሱን ነው።

ሰው ብዙ አለ። ሴት እግሯን እዚያ ከከተተች ትዳሯ አይቀናም ተባለ። አገባች፣ ደግሞም ፈታች። ባሏ ክፉ አልነበረም፤ «ወይ እኔ ወይ መንገዱ» ሲላት ልብሱን አጥባ፣ ቤቱን አጽድታ፣ ስማው ወጣች። በቀብሯ ላይ ከማንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። እንግዲህ ጉድጓዱ ነው ያፈታቸው የሚል ካለ እሱን ይጠይቀው።

መንገዷማ ተነግሮ አያልቅም። የሸመነችውን ተሸክማ ከጀዊሪያ ጋር ሞያሌ፣ መተማ፣ ሰመራ ትሄዳለች። ጋምቤላ ባሮን ስታይ ልብሷን አውልቃ ለጀዊሪያ አስታቀፈቻትና ዘላ ገባች። አዞ አለበት ይሏታል፣ እሷ «እሱም ይዋኝ፣ ሰፊ ነው» ትላለች። ጀዊሪያ ዳር ቆማ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረሰች። ጅቡቲ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ባሕር አየች። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ እዚህ ድረስ አመጣችውና ግቢውን አሰልፋ በማንኪያ አቀመሰችን። «ይሄን ሳይቀምሱ የሞቱ ሰዎች አሉ» አለች፣ እኛ ፊታችንን እያጨማደድን። ትርፉ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፣ ጨው ሆኖ ታች ረግቷል።

ፀጉሯ ሸብቶ ደግሞ ሞተር ልንዳ አለች። ዊንጌት ጋ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ከነሞተሩ ተዘርራ ወደቀች። ተማሪው አጨበጨበላት። ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ እጅ ነስታቸው እንደገና ወጣችበት። ጉልበቷ ላይ የቀረውን ጠባሳ እንደ ጌጥ ነበር የምታሳየው። እኔ ያን ጊዜ አፍሬባት ከኋላ ቀርቼ ነበር፤ እሷ ግን ዞራ መጣችና «ነይ ተፈናጠጪ፣ የሚያይሽ የለም፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው» አለችኝ። ተፈናጠጥኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማይኩን ይዤ የተናገርኩት ይህን ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው አባባ? ነውሩስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብሩኪ፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ።

ሽማግሌዎቹ የእርስዎን ቃል ይዘው ሲመጡ አካፋም ይዘው ነበር። ያን ያህል ቸኩለዋል። ከእኔ ጋር ጋሽ ኃይለ መለኮት ነበረ። ወደ ኋለኛዋ ክፍል አስገባኋቸው። መሸመኛው ላይ ግማሹ የተሠራ ጋቢ እንደተወጠረ አለ፤ አጸደ ስትታመም የተወችው። ሸማኔ ሸማ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እርስዎም አያልፉም። ትልቁ ሽማግሌ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዳሩን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ሌላውም መጣ። «ኃይለ መለኮት፣ እጅህ እኮ አላረጀም» አሉት። «ይህንማ እናበላሸዋለን እንዴ! መጀመሪያ ጨርሰህ አውርደው፣ ከዚያ እንደፍናለን» አሉ። ጋሽ ኃይለ መለኮት ወደ መሬት አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከዚያ «የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው» አለ።

አልሰሙትም። ደገመላቸው። ዓይኑ ከደከመ ጀምሮ በእሱ ስም ሲሸጥ የኖረው ሁሉ የአጸደ እጅ እንደሆነ፣ ሰው የሴት ሸማ አልገዛም እንዳይል እሷው «ያንተ ነው በል» ብላ እንደለመነችው ነገራቸው። አንድ በአንድ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጋቢ ማየት ጀመሩ። ከመካከላቸው ሁለቱ በዚያው ሰዓት የእሷን ለብሰው ነበር። አንዱ ሊያወልቀው ጫፉን ያዘና ብርዱን አስቦ ተወው። ተከታትለው ወጡ። አካፋውን እንኳ ረስተውታል፤ እስካሁን እኔ ጋ ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ኃይለ መለኮት ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ «አባትሽም የለበሰው የእሷ ነው» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

አባባ፣ አንድ ዓመት አጸደ ለመስቀል መጥታ ከደጅ እንደመለሷት አልረሱትም። አልቅሳ የተመለሰች መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። አክስቴ ቤት አድራ በማግስቱ ገበያ ላይ ከሩቅ ቆማ አየችዎት። እዚህ ስትመለስ ለጋሽ ኃይለ መለኮት የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋቢው ሳስቷል፣ ብርድ እየበላው ነው።» ያን ዓመት ምርጡን ፈትል ለብቻው አስቀመጠች። እኔ ነኝ የፈተልኩላት፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። በሚቀጥለው መስቀል ጋሽ ኃይለ መለኮት «ከእኔ ነው» ብሎ አመጣልዎት። ያ ጋቢ ነው፣ ለሽምግልና ሲቀመጡ የሚደርቡት፣ እናቴ እንድታጥበው እንኳ የማይሰጧት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ዳሩን እያሳዩ «የወንድ እጅ ማለት እንዲህ ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ የለም» የሚሉለት። ይህን ያሉትን ጋሽ ኃይለ መለኮት መጥቶ ሲነግራት ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች አለኝ። «እንንገረው?» ሲላት «ተወው፣ ሞቆት የለ?» አለችው።

ለእሷ ያ በቅቷታል። ለእኔ ግን አይበቃኝም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ጋሽ ኃይለ መለኮት ፊት ለፊት ሊነግርዎት አስቦ አፌ አይታዘዝልኝም አለኝ። እንዳይቆጡት። የእሷን አደራ ነው የጠበቀው።

ሴት የተቀመጠችበት መሸመኛ ያሳፍረኛል ካሉ እንግዲህ መጀመሪያ ከትከሻዎ ይጀምሩ። እሱን አውልቀው ለከብት ያልብሱት፣ ከዚያ እኔ አካፋውን አነሳለሁ። ይህን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት። ግን አልሰርዘውም።

አሁን ጥቅሉን ይፍቱት። ያ ግማሹ ቀርቶ የነበረው ጋቢ ነው። ጨርሼዋለሁ። እኔ ሐመልማል፣ ዝምተኛዋ ልጅዎ፣ ከቤት የማልወጣው፣ ሽማግሌዎቹ ለእሷ ያነበቡት ታሪክ በእውነት የሚገባኝ እኔ፣ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ ጨርሼዋለሁ። ክሩ ስንቴ እንደተበጠሰብኝ አይጠይቁኝ። ጋሽ ኃይለ መለኮት በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ በመሸመኛው ድምፅ ብቻ እያወቀ «አላላሽው፣ ምቺው» ይለኛል። መንደሩ መጀመሪያ በመስኮት አየኝ፣ ኋላ ሰለቸው። ጀዊሪያ ደግሞ «እጅሽ እስኪፈታ ቆሻሻ ነገር ነው የምትሠሪው፣ ግን ሥሪ» ብላኛለች፤ እውነቷን ነው።

ጋቢውን ሲዳብሱት ያገኙታል። ድንገት ሸካራ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ዳሩም እዚያው ላይ ይጠማመማል። እስከዚያ ድረስ የእሷ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የእኔ። ፈትቼ እንደገና ልሠራው አስቤ ነበር። ግን እጇ ያለቀበት ቦታ እንዲታወቅ ፈለግሁና ተውኩት። አሁን ደግሞ ነጠላ ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ ልሰናበት። እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ዓይንሽን ታከሚ፣ ለአጸደ ማልቀስ ካማረሽ ጓዳ አትደበቂ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠሽ አልቅሺ በሉልኝ። ያቺን ሌሊት ለአጸደ መኝታ የሰጠቻትን አክስቴን፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ ብያለሁ። ለጎረቤት ለዓለሜ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ልጇ እንዴት ሆነላት? ብሩኪዬ፣ ሳትዘል እዚህ ከደረስክ ወንድሜ ነህ፤ በጀዊሪያ ሱቅ በኩል ደውልልኝ፣ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ። ጀዊሪያም ሰላም ብላችኋለች።

ለእርስዎ አባባ፣ ጫማዎን ስሜ እሰናበታለሁ። የመስቀል ዕለት ደመራው ጋ ሲወርዱ ይህን ጋቢ ይልበሱት። ለሰው «የወንድ እጅ ነው» አይበሉ፤ ሌላ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም። ካልለበሱት መልሰው ይላኩልኝ፣ እኔ እለብሰዋለሁ፤ መሸመኛው ግን በዚያም በዚህም ከቦታው አይነቃነቅም። አሁን ጣሪያው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። መውረድ እፈልጋለሁ፣ እግርዎ ላይ መጠምጠምም እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ዱላውን ያስቀምጡ።

ልጅዎ ሐመልማል
ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.